የተቆጣጣሪው የጫማ መደርደሪያ

ባሌ ሰው አያምንም። ይህን ስል በስተኋላው አማችው እንዳልባል፣ ፊት ለፊቱም እለዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየዘለለ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ሥራው፣ የተሳፈረው ሁሉ ሳይከፍል እንደተሳፈረ አድርጎ ማሰብ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቆቡንና የትኬት መብሻውን ለመሥሪያ ቤቱ አስረከበ፤ ጥርጣሬውን ግን አስረክብ ያለው ስለሌለ ይዞብኝ ወደ ቤት መጣ። ሰፈሩ «ተቆጣጣሪው» ነው የሚለው። ሲብስብኝ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

የመጀመሪያው የጡረታ ዓመት ለጠላቴም አይስጠው። ሌላ የሚቆጣጠረው ሲያጣ እኔን ይዞ ቁጭ አለ።

«የት ነበርሽ?»

«ሱቅ።»

«ሱቅ ሄዶ እስከዚህ?»

«ወረፋ ነበር።»

«ስንት ሰው?»

ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ወረፋ ላይ ቆሜ ሰው ልቆጥር ነው? ደግሞ ሥራዬ ቤት ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዐርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው መቀስ ከያዝኩ። ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ እሱ ኮሪደሩ ላይ እንደ ፌርማታ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። «ይሄ ጨርቅ የማን ነው? መቼ ነው ያመጣሽው? ደረሰኝ አለሽ?» ሁለት ደንበኞቼ በዚሁ ቀሩ። አንደኛዋ ቀሚሷን እንኳ ሳትወስድ ነው የቀረችው፤ እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ቆሽቴ አርሮ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ያዳነኝ ጸጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው፤ ከሱቁ በስተጀርባ ደግሞ የድሮ ጋራዥ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለረዳቱ ትቶ፣ እሱና አንድ የሒሳብ መምህር እዚያ ጋራዥ ውስጥ እንጨት ሲቆርጡና ሲልጉ ይውላሉ። ሁለቱም አናጢ አይደሉም። እንዲያው ፍቅሩ ይዟቸው ነው። መምህሩ አራት እግር ያለው በርጩማ ሊሠራ ጀምሮ፣ አራተኛው እግር ባጠረበት ቁጥር ሌሎቹን ሲያሳጥር፣ በመጨረሻ ለእግር ማሳረፊያ እንጂ ለመቀመጫ የማይሆን ነገር ይዞ ቀርቷል ይባላል። ጸጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ባሌን እየከረከመ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ለምን አይመጡም?» አለው። ባሌ መጀመሪያ የጠየቀው «ለምን ፈለጋችሁኝ?» ብሎ ነው። ቢሆንም ሄደ።

ሄደ፤ ወደደው። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ይወጣል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ እንደተነሰነሰ ይመለሳል። በመካከሉ ያለው አራት ሰዓት የእኔ ሆነ። ሬዲዮዬን ጮክ አድርጌ እከፍታለሁ። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ለእህቴ እደውላለሁ። ማን እንደደወለ፣ ምን እንደተባለ የሚጠይቀኝ የለም። በትዳር ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬ እንደ ቅዳሜ ከሰዓት የጣፈጠኝ ነገር የለም ብል ማጋነን አይደለም።

የጋራዡን ወግ እሱው ነው የነገረኝ። አንደኛ፣ ማንም የሌላውን እንጨት አይነካም። እያንዳንዱ የራሱ መደርደሪያ አለው፤ የጀመረውን እዚያ አስቀምጦ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደተወው ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ የወረቀቱ ፈተና የሚሉት አለ። እንጨትና እንጨት ያለ ምስማር ሲገጣጠም የአንደኛው ጫፍ እንደ ምላስ ይቀረጻል፣ ሌላው ደግሞ ምላሱን የሚውጥ ቀዳዳ ይቦረቦርለታል። ገጠምኩ ያለ ሰው ለጓደኞቹ ያቀርባል። መምህሩ ከደብተሩ ወረቀት ይገነጥልና በመጋጠሚያው መካከል ሊያስገባ ይሞክራል። ወረቀቱ ካልገባ ይጨበጨባል፤ ከገባ ሻይ አፍልቶ የሚቀዳው ባለ እንጨቱ ነው። ባሌ ይቺን ፈተና በጣም ነው የወደዳት። ቁጥጥር ናታ!

አንድ ዓመት እንዲህ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ፊቱ ይጠቁር ጀመር። ቅዳሜ ሲመለስ አይናገርም። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ሻይ አፈላሁ» ይለኛል። በሚቀጥለውም «ሻይ አፈላሁ»። በሦስተኛውም። አንድ ቅዳሜ ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ወረወረና፣ «ከእንግዲህ አልሄድም። ይስቁብኛል» አለ።

እኔ ያን ጊዜ ምን እንደታየኝ ልንገራችሁ? የሱ ማዘን አይደለም የታየኝ። ቅዳሜዬ ነው የታየኝ። ሬዲዮው ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲመረመር፣ ኮሪደሩ ላይ ሲቆም ታየኝ።

ረቡዕ ረቡዕ ታላቅ ወንድሙን ሊጠይቅ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል፤ ሲሄድና ሲመለስ የሰው ትኬት በዓይኑ ሲለቅም ይውላል መሰለኝ። የዚያን ረቡዕ እንደወጣ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ።

«በሞቴ ምን አድርጋችሁት ነው?» አልኩት።

«እኛማ ምን እናደርጋቸዋለን፣ እትዬ?» አለ ማበጠሪያውን እያራገፈ። «መጋዙ ከመስመር ይወጣባቸዋል። እንዳናርማቸው ደግሞ፣ ያውቋቸው የለ?»

ጋራዡን ከፍቶ አሳየኝ። የጫማ መደርደሪያ ነበር የሚሠራው። መስመሩ እዚህ፣ የተቆረጠው እዚያ፤ መጀመሪያ ላይ መስመሩን ይዞ ይሄድና መሃል ላይ ሲደርስ ጥሎት ይጠፋል። እጁ አርጅቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰሞኑን የበር መቃን እየገጨ የሚያልፈውንም፣ ሐሳብ ላይ ስለሆነ ነው እያልኩ ነበር። መጋዙን አነሳሁት። ዕድሜ ልኬን መስመር ላይ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጨርቅም ይሁን ጣውላ መስመር መስመር ነው።

«እትዬ፣ ሕጋችን የሰው እንጨት አይነካም ነው» አለኝ።

«እኔ አባል አይደለሁም» አልኩት። ምን ይበል?

እንጨቱን በሞርሳው የብረት መንጋጋ አጥብቄ የተንጋደደውን አቃናሁት። የመጀመሪያው ቀን አንድ ምላስ ለማስተካከል ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቤቴ ስገባ ክንዴ ዝሎ መርፌ መያዝ አቃተኝ። ባሌን ደግሞ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም «ፈርተህ ነው የቀረኸው ይሉሃል» ብዬ ነገር ጎንጉኜ ቅዳሜ ላክሁት። ተመለሰ፤ ፊቱ በርቶ። «ወረቀቱ አልገባም!» አለኝ ገና በሩ ላይ። ጫማውን ሳያወልቅ ነው ያወራልኝ።

እንዲህ ተጀመረና ስምንት ወር ሄደ። ቅዳሜ እሱ ያበላሻል፣ ረቡዕ እኔ አቃናለሁ። ጸጉር አስተካካዩ ከደንበኛ ደንበኛ መካከል ብቅ እያለ መሮ አያያዝ፣ መላጊያ አገፋፍ አሳየኝ። አልዋሽም፣ እኔም ወደድኩት። ጨርቅ ከቆረጥሽው በኋላ ይልፈሰፈሳል፤ እንጨት ግን እንደቆረጥሽው ቆሞ ይጠብቅሻል።

ተቆጣጣሪው ደግሞ ተቆጣጣሪ ነውና ያሸት ጀመር። መጀመሪያ የጠረጠረው መምህሩን ነው። «ያ ሰውዬ በሌለሁበት እየገባ እንጨቴን ይነካል» አለኝ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ። «ሊቀልድብኝ ነው። ሆን ብሎ ያሳምረውና ሲጨበጨብልኝ በሆዱ ይስቃል።» በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጨቶቹ ላይ ክር አስሮባቸው መጣ። ክሩን እንደነበረው አሰርኩለት፤ ክር ለኔ ምኔ ነው! ቀጥሎ ሰጋቱራ በተነበት፤ እሱንም መልሼ በተንኩ። በየሳምንቱ እሱ ወጥመድ ያጠምዳል፣ እኔ እፈታለሁ። ቁርስ ላይ ሁለታችንም ዳቧችንን እያኘክን እንተያያለን። እሱ ይጠረጥራል፤ እኔ ደግሞ እየጠረጠረኝ ይሆን እያልኩ እጠረጥረዋለሁ። ቤታችን እንዲህ ሆኖ ከረመ።

የተያዝኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከመደርደሪያው አግዳሚዎች አንዱ ከመዳን ያለፈ ነበር፤ መሃሉ ድረስ ተበልቷል። ስለዚህ ከዚያው ጣውላ አዲስ ቆረጥኩለት። ሳላስበው፣ እጄ ለምዶት፣ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ትቼ ነው የቆረጥኩት! በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ጣት። ሞቼ ልገኝ፣ እንጨት ይታጠፋል? ወይስ ይዘመዘማል? ዐርባ ዓመት ሙሉ ትርፍ ስትተው የኖረች እጅ ይህን አታስብም። አስቀምጬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ባሌ ዳቦውን ሳይነካ ተቀመጠ።

«እንጨት ሲደርቅ ያጥራል አይደል?» አለኝ።

«ያጥራል መሰለኝ።»

«የኔ ረዘመ።»

«በሜትር ለካኸው?»

«በሜትር መለካት ከተውኩ ቆየሁ። በስንዝሬ ነው የምለካው። ሁለት ስንዝር ነበር፤ ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት ሆነ።»

እኔ ምነው ዝም ባልኩ! አፌ አላርፍ አለ። እርጥበት ይሆናል አልኩ። የጋራዡ ጣራ ሳያፈስ አይቀርም አልኩ። ስንዝርም ቢሆን እንደ ሰው እጅ ነው፣ አንዳንድ ቀን ይጠባል፣ የእህቴንም እጅ ብርድ ሲሆን እንዲያ ያደርገዋል አልኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ትኬት ያለው ሰው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ትኬቱን ይሰጥሽና ዝም ይላል።»

ያልነካውን ዳቦ ከፊቱ አነሳሁበት።

ረቡዕ ወንድሙ ዘንድ እንደሚሄድ ሁሉ ለባብሶ ወጣ። እኔም መቅረት ሲገባኝ ሄድኩ፤ ያን የረዘመ አግዳሚ ሳላሳጥር ቅዳሜ ቢመጣ ብዬ። አግዳሚው እንዳይንቀጠቀጥብኝ ጸጉር አስተካካዩ ጫፉን ያዘልኝ። ሰጋቱራው በነፋስ ወደ ሱቁ እየገባ ደንበኛ ስላስነጠሰ በሩን ገርበብ አድርገነዋል። እንዲህ ሆነን ሳለን በሩ ተበረገደ።

ባሌ ነው። ከኋላው መምህሩ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሟል፤ ከክፍል ጎትቶ ነው ያመጣው። ምስክር መሆኑ ነው! ተቆጣጣሪ ያለ ምስክር ሰው አይዝም፤ ይህን እሱው ነው ያስተማረኝ። ትናንት ሲጠረጥረው የነበረውን ሰው ዛሬ ምስክር አድርጎት መጣ።

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አለ።

«ስምንት ወር» አልኩ እኔ ሞኟ።

ጸጉር አስተካካዩ ቀድሞኝ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም! በእግዜር!» ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ባሌ የጠየቀኝ ምን እንደሆነ የገባኝ።

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ። «በስድሳ ዓመቴ? ጉልበቴን እያሸሁ ደረጃ የምወጣ ሴትዮ? አታፍርም? እንጨትህን እኮ ነው የምቆርጥልህ!»

«እንጨት» አለና ሳቀ። የንቀት ሳቅ። «በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ምክንያት ሰምቻለሁ። ትኬቴን ልጄ በላችው ያለኝ ሰው አለ። እንጨት ያለኝ ግን የለም።»

«ቆይ እንግዲያው!» ብዬ ከመደርደሪያው ላይ ንጹሕ ቁራጭ መንጭቄ ሞርሳው ላይ አጠበቅኩት። በልብስ ሰፊ ጠመኔዬ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ በመሮ ጠረብኩ። ምላሱን አስቀድሞ በተቦረቦረ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁትና ወደ መምህሩ ዞርኩ። «ወረቀትህን አውጣ!»

መምህሩ ከደብተሩ ገነጠለ። በአንድ በኩል ሞከረ፤ አልገባም። አዙሮ ሞከረ። «አልገባም፣ ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ባሌ እንጨቱን ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ደጋግሞ ዳሰሰው። «የኔዎቹስ?» አለ። ጸጉር አስተካካዩ ከማዕዘኑ ማዳበሪያ ጎትቶ አወጣ፤ እኔ ከሱ እንጨት የቆረጥኳቸው ቁርጥራጮችና ያ የተበላው አግዳሚ እዚያ ነበሩ። ባሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ እያወጣ በጣቱ ጠርዛቸውን ይከተል ጀመር። ለሁሉም «ይሄም የኔ ነው?» ይላል። «አዎ፣ ጋሼ» ይለዋል ጸጉር አስተካካዩ። ማዳበሪያው ባዶ እስኪሆን እንዲያ አደረገ።

«ለምን?» አለኝ።

ልዋሸው እችል ነበር። ለክብርህ ብዬ ነው ብለው ደስ ይለው ነበር። ግን መዋሸት ሰልችቶኛል። «ቅዳሜ ቤት እንዳትቀርብኝ ብዬ» አልኩት።

«እንድወጣልሽ።»

«አዎ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። አንዱን ቁራጭ ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። «መስመሩ መሃል ላይ ይቋረጥብኛል» አለ። «መጀመሪያው አለ፣ መጨረሻውም አለ፤ መሃሉ ግን የለም። ሥራ ላይም በመጨረሻው ዓመት እንደዚሁ ነበር፤ የትኬቱ ቁጥር ግማሹ ይጠፋብኛል። ለማን ልንገር? ተቆጣጣሪ አያይም ይባላል? ሲሰጡኝ እጃቸውን ነበር የማየው። እጁ የተንቀጠቀጠውን አስወርደዋለሁ።» ቁራጩን ማዳበሪያው ውስጥ መለሰና፣ «ሽማግሌ ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጣል እኮ። ስንቱን ባለ ትኬት አውርጄ ይሆን?» አለ።

መምህሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሻይ ያፈላ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እሺ ያለው ያለ ክርክር ስለሆነ ይበልጥ ፈራሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አገጩን ማሽን ላይ አስደግፋ ብርሃን አበራችበት፣ ብልጭ ስትል ቁልፍ የሚጫንባትን ነጥብ አሳየችው። ብልጭታዎቹ እኔ ከጎን ሆኜ እንኳ ይታዩኝ ነበር። እሱ ግን ቁልፉን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስትጨርስ ወረቀቷን ገለጠችልን።

«የዓይን ግፊት ነው» አለች። «ሳያመው፣ ቀስ እያለ ነርቩን ይበላል። የጠፋው አይመለስም። የቀኙ አብዛኛው ሄዷል፤ ግራውን በጠብታ ለመያዝ እንሞክራለን።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ነገር ሲስት፣ ሥራ ሲበላሽበት አላያችሁም? ዓምና ብትመጡ፣ ሌላው ቢቀር ስምንት ዘጠኝ ወር ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ፣ ቀኙንም እናተርፈው ነበር።»

ስምንት ወር። እኔ ባልቆርጥ ኖሮ ወረቀቱ በየሳምንቱ ይገባ ነበር። በየሳምንቱ ሻይ ያፈላ ነበር። ይጣላቸው፣ ይሰድባቸው፣ በመጨረሻ ግን አንዱ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ» ይለው ነበር። ራሱም መደበቁ ሲያቅተው ይናገር ነበር። እኔ ሬዲዮዬን ለማዳመጥ ብዬ የባሌን ዓይን በገዛ እጄ ሸፈንኩበት። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘ። ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስኩ።

«ስምንት ወር አለች» አልኩት። «ሰማሃት? እኔ ነኝ እኮ...»

«አላመንኳትም» አለ።

«ምኗን?»

«ቀድማችሁ ብትመጡ የምትለውን። ማን አይቶ? ሁሉም የሚሉት እንደሱ ነው፤ ዘግይታችኋል ካላሉ ሥራ የሠሩ አይመስላቸውም። እኔ አላምናትም።» በዚያ አውቶቡስ ላይ ሰው በሚያስወርድበት ድምፁ ነው የተናገረው፣ ቆርጦ፣ ክርክር የለም በሚል ድምፅ። ከዚያ በእግሩ ጫፍ የሚቀጥለውን ደረጃ ፈልጎ አገኘውና ወረደ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው አለማመኑን ስረግም ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን፣ እግዜር ይየኝ፣ እንደጠረጠራት እንዲሆን ለመንኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነው የምንሄደው፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ በጣቱ እየዳሰሰ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ከሦስታችንም ሥራ በላይ እሱ ያለሰለሰው ነው የሚያምረው። ሐኪሟን እውነት ሳያምናት ቀርቶ እንደሆን፣ ወይስ እኔን ለማዳን ብሎ እንደሆን ግን እስካሁን አላውቅም። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀውም የሚመልስልኝን የማምነው አይመስለኝም።